የጨው ውኃ፦ ከአፍዴራ ኩሬዎች እስከ ማጀትና እስከ ፋብሪካ

"ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል" ይላል የሀገራችን ሰው። ተረቱ ለሰው የተነገረ ምክር ቢሆንም ስለ ጨው ራሱ አንድ እውነት ይዟል። ጨው ደረቅ ሳለ በእርግጥም ድንጋይ ነው። ምላሳችን ላይ የሚጣፍጠው እንኳ ምራቅ ሲያሟሟው ነው። ሥጋን ከመበስበስ የሚያድነው፣ ቆዳን ለፋብሪካ የሚያቆየው፣ ለሳሙናና ለበረኪና መሥሪያ የሚሆነው፣ በተቅማጥ የተጎዳን ሕፃን ከሞት የሚታደገው ከውኃ ጋር ሲገናኝ ነው። ይህ ጽሑፍ የጨው ውኃ ምን እንደሆነ፣ በማጀትም ሆነ በኢንዱስትሪ እንዴት እንደሚሠራ፣ መጠኑ ሲሳሳት ደግሞ ምን ጉዳት እንደሚያስከትል ያብራራል።

ሙሙት ማለት ምን ማለት ነው?

የገበታ ጨው ሶዲየምና ክሎሪን ከተባሉ ሁለት ንጥረ ነገሮች የተሠራ ነው። በጨው ቅንጣት ውስጥ ሶዲየሙ አዎንታዊ፣ ክሎሪኑ ደግሞ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ይዘው ተሳስበው ይኖራሉ። የውኃ ሞለኪውልም እንዲሁ አንዱ ጎኑ ወደ አዎንታዊ፣ ሌላው ጎኑ ወደ አሉታዊ ያዘነበለ ነው። ጨው ውኃ ውስጥ ሲገባ የውኃ ሞለኪውሎች የጨውን ቅንጣት ከየአቅጣጫው እየሳቡ ይበታትኑታል። የተበታተነው ጨው ከዓይን ይሰወራል እንጂ አይጠፋም። እንዲህ ያለው ድብልቅ "ሙሙት" ይባላል፤ ጨው ሟሚ፣ ውኃ ደግሞ አሟሚ ነው።

ውኃ ግን ጨውን ያለ ልክ አይቀበልም። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ 100 ግራም ውኃ የሚያሟሟው 36 ግራም ገደማ ጨው ነው። ከዚያ በላይ የተጨመረው ከሥር ይዘቅጣል፤ ይህ "የጠገበ ሙሙት" ይሰኛል። የጠገበ የጨው ውኃ ከጠቅላላ ክብደቱ 26 በመቶ ያህሉ ጨው ነው።

ስኳር በሙቅ ውኃ ውስጥ እጅግ በብዛት ይሟሟል፤ ሲቀዘቅዝም ይረጋል። ጨው ግን ከዚህ ይለያል። የሚፈላ ውኃ እንኳ የሚያሟሟው 39 ግራም ገደማ ብቻ ነው፤ ከቀዝቃዛው ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ጨውን ከውኃ ለመለየት ማቀዝቀዝ አይበጅም፤ ውኃውን ማትነን ግድ ይላል። የዓለም የጨው አምራቾች ከጥንት ጀምሮ ፀሐይና ነፋስ የሚበረቱባቸውን ስፍራዎች የመረጡት በዚህ ምክንያት ነው።

ከሐይቅ ወደ ኩሬ፣ ከኩሬ ወደ ጆንያ

ከ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በፊት የሀገራችን የገበታ ጨው በአብዛኛው ከቀይ ባሕር ዳርቻ ይመጣ ነበር። ድንበሩ ሲዘጋ ፊት ወደ አፋር ዞረ። ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ የሚገኘው የአፍዴራ ሐይቅ ከባሕር ውኃ በብዙ እጥፍ የጨየ ነው። ውኃው በፓምፕ እየተሳበ ጥልቀት በሌላቸው ኩሬዎች ውስጥ ይተኛል፤ የበረሃው ፀሐይ ውኃውን ሲያተነው ነጭ የጨው ቅንጣት ከሥር ይቀራል።

ከዚህ በሰሜን፣ በዳናኪል ዝቅተኛ ስፍራ፣ ተፈጥሮ ይህንኑ ሥራ ከሺህ ዓመታት በፊት ጨርሳዋለች። በዚያ የነበረው የባሕር ውኃ ተንኖ ወፍራም የጨው ንጣፍ ትቶ አልፏል። ጨው ቆራጮች ያንን ንጣፍ እየፈነቀሉ የሚጠርቡት አሞሌ በግመል ተጭኖ ወደ ደጋው ይወጣ ነበር፤ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስም በገበያ እንደ ገንዘብ አገልግሏል።

የኩሬ ሥራ ቀላል ቢመስልም ጥንቃቄ ይጠይቃል። በተፈጥሮ የጨው ውኃ ውስጥ ያለው የገበታ ጨው ብቻ አይደለም፤ ካልሲየምና ማግኒዥየምም አሉበት። ውኃው ሲተን እነዚህ ሁሉ በአንድ ጊዜ አይረጉም። የባሕር ውኃ ቢሆን አስቀድሞ ኖራ መሰል ዝቃጭ፣ ቀጥሎ ጂፕሰም ይወርዳል። የገበታው ጨው የሚረጋው ውኃው ከመጀመሪያው መጠን ወደ አንድ ዐሥረኛ ገደማ ሲወርድ ነው። በመጨረሻ የሚቀረው ቅሪት ውኃ ማግኒዥየም የበዛበትና መራራ ነው። አምራቹ ይህን ቅሪት በጊዜው ካላፈሰሰ ማግኒዥየሙ ከጨው ጋር ይቀላቀላል። ማግኒዥየም ያለበት ጨው ደግሞ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ በጆንያ ውስጥ ይረጥባል፣ ይጋገራል። የረጠበ ጨው ምን ጣጣ እንደሚያመጣ ከታች እንመለስበታለን።

በማጀት፦ ዶሮውን የሚያርሰው ጨው

የዶሮ ወጥ ስትሠራ የኖረች እናት የተገነጣጠለውን ዶሮ በሎሚና በጨው ውኃ ትዘፈዝፋለች። ሽታውን ለማጥፋትና ለማጥራት ትለዋለች፤ ነገር ግን ከዚያም በላይ የሆነ ሥራ እየተሠራ ነው። ጨው ወደ ሥጋው ሲዘልቅ የሥጋውን ፕሮቲን ያላላዋል፤ የላላው ፕሮቲን ውኃ ይይዛል። በዚህም ምክንያት ሥጋው በእሳት ላይ ሲቆይ የሚያጣው ጭማቂ ይቀንሳል፣ ሳይደርቅም ይበስላል። በብዙ ሀገራት ያሉ የምግብ ባለሙያዎች ለዚህ ሥራ በ1 ሊትር ውኃ ከ50 እስከ 60 ግራም ጨው ይጠቀማሉ፤ ለተገነጣጠለ ዶሮ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ይበቃል። እንዲህ የተዘፈዘፈ ዶሮ ጨው ይዞ ስለሚገባ ወጡ ላይ የሚጨመረውን ጨው መቀነስ ያስፈልጋል።

ባቄላና ሽምብራም ከጨው ውኃ ይጠቀማሉ። የጥራጥሬ ልባስ የሚጠነክረው በውስጡ ያሉት ካልሲየምና ማግኒዥየም አያይዘው ስለሚይዙት ነው። በ1 ሊትር ውኃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል ጨው ጨምሮ ጥራጥሬውን ማሳደር ሶዲየም የእነዚህን ቦታ እንዲወስድ ያደርጋል፤ ልባሱ ይለሰልሳል፣ ንፍሮውም እኩል ይበስላል። ማገዶና ከሰል በተወደደበት ጊዜ ይህ ትንሽ ጥቅም አይደለም።

በሌላ በኩል ጨው ውኃን ቶሎ ያፈላል የሚለው አባባል ስሕተት ነው። ጨው የውኃን የመፍያ ነጥብ ዝቅ ሳይሆን ከፍ ያደርገዋል፤ ያም ቢሆን ኢምንት ነው። በ1 ሊትር ውኃ 18 ግራም ጨው ቢጨመር ለውጡ ከአንድ ዲግሪ ሲሶ አይበልጥም። በባሕር ዳር ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በአዲስ አበባ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ከፍታው የቀነሰውን ሙቀት በጨው መመለስ አይቻልም፤ ለዚያ የሚበጀው ግፊት የሚይዝ ድስት ነው። ደግሞም ጨው በቀዝቃዛ ውኃ ላይ ተጨምሮ ሳይማሰል ሲተው ከድስቱ ሥር ተኝቶ የማይዝግ የሚባለውን ብረት ሳይቀር ነቁጥ ነቁጥ እያደረገ ይበላዋል። ውኃው ሲፈላ ጨምሮ ማማሰል ይሻላል።

ሳይበላሽ የማቆየት ጥበብ

ባክቴሪያም እንደኛው ውኃ ይጠማዋል። በዙሪያው ያለው ውኃ ጨው የበዛበት ከሆነ በሰውነቱ ያለው ውኃ በስስ ልባሱ በኩል ወደ ውጭ ይወጣል፤ ይህ ሂደት ኦስሞሲስ ይባላል። ውኃውን የተነጠቀ ባክቴሪያ ሊራባ አይችልም። ቋንጣ የሚቆየው በዚሁ መንገድ ነው። ሥጋው በስሱ ይዘለዘላል፤ ጨውና በርበሬ ሲታሽበት የሥጋው ጭማቂ ወደ ገጹ ይወጣና ጨውን ያሟሟል። ዝልዝሉ ተሰቅሎ እስኪደርቅ ድረስ የሚጠብቀው ይህ ስስ የጨው ውኃ ሽፋን ነው።

የጨው ውኃ ሁሉንም ባክቴሪያ እኩል አይጎዳም፤ ይህም ለምግብ ሠሪ ትልቅ ጸጋ ነው። አትክልትን የሚያበሰብሱት ተሕዋስያን በቀላሉ ሲዳከሙ፣ ላክቲክ አሲድ የሚሠሩት ጠቃሚዎቹ ግን መጠነኛ ጨው ይችላሉ። ጥቅል ጎመን ተከትፎ ከክብደቱ ከ2 እስከ 3 በመቶ ጨው ቢታሽበት ራሱ በሚያወጣው ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ በጥቂት ቀናት ይኮመጥጣል፤ ለወራትም ይቆያል። ለ1 ኪሎ ግራም ጎመን ከ20 እስከ 30 ግራም ጨው ማለት ነው። ቃሪያና ካሮት እንደነበሩ የሚቀመጡ ከሆነ በ1 ሊትር ውኃ ከ30 እስከ 50 ግራም ጨው ይሟሟል። ዋናው ሕግ አትክልቱ ከጨው ውኃው በላይ ብቅ እንዳይል መጫን ነው፤ አየር ያገኘው ክፍል ይሻግታል።

የእኛ አይብ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚበላሽበትና በሜዲትራኒያን አካባቢ የሚሠራው ፌታ ለወራት የሚቆይበት አንዱ ምክንያትም እዚሁ ላይ ነው፤ ፌታ በጨው ውኃ ውስጥ ይቀመጣል፣ አይብ ግን አይቀመጥም።

ሚዛን በሌለበት ቤት የጨው ውኃን ብርታት ለመገመት እንቁላል ይረዳል። ትኩስ እንቁላል በንጹሕ ውኃ ውስጥ ይሰምጣል። ጨው እየተጨመረ ሲሄድ የውኃው እፍጋት ይጨምርና ጨው ከጠቅላላው ክብደት 10 በመቶ ገደማ ሲሆን እንቁላሉ መንሳፈፍ ይጀምራል። ያረጀ እንቁላል ግን በውስጡ አየር ስለሚበዛ ቀድሞ ይንሳፈፋል፤ ለመለኪያም አይሆንም።

አዮዲን፦ በውኃ የሚታጠብ ጤና

የደጋው አፈር በዝናብ ሲታጠብ ስለኖረ አዮዲን ያንሰዋል፤ በዚህ አፈር የበቀለ ምግብም እንዲሁ። የአዮዲን እጥረት እንቅርት ያመጣል። ከዚህም የከፋው በእርግዝና ወቅት ሲያጋጥም የሚወለደውን ሕፃን የአእምሮ እድገት መጉዳቱ ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2003 ዓ.ም. ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ ያወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገር ግን አዮዲን በጨው ውስጥ የተቀበረ አይደለም፤ በቅንጣቱ ገጽ ላይ የተረጨ ነው። ጨው ሲረጥብ አዮዲኑ ከእርጥበቱ ጋር ወርዶ በጆንያው ሥር ይቀራል። ማግኒዥየም ያልተወገደለት ጨው የሚያመጣው ጣጣ ይህ ነው። አንዳንድ ቤተሰቦች ጨው ቆሻሻ አለው ብለው አጥበው ያደርቁታል፤ አጣቢዋ ሳታውቅ ከአፈሩ ጋር አዮዲኑንም ትደፋዋለች። ጨውን በክዳን እቃ፣ ከፀሐይና ከምድጃ እንፋሎት አርቆ ማስቀመጥ ይገባል። ወጥ ላይ ሲጨመርም ወደ መጨረሻው፣ ከምድጃ ሊወርድ ሲል ቢሆን አዮዲኑ በሙቀት የሚቀንሰውን መጠን ያሳንሳል።

አዮዲን አለው ማለት ግን እንዳሻን እንጨምር ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ጨው ነው። ከዚያ የበለጠ ጨው የደም ግፊትን ይጨምራል።

ጨው ሕይወት ሲያድን

የሰው ደም ራሱ የጨው ውኃ ነው። በሆስፒታል በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ በ1 ሊትር 9 ግራም ጨው የያዘው ከደማችን ፈሳሽ ጋር እንዲመጣጠን ነው። የባሕር ውኃ ግን በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው አለው። ይህን የጠጣ ሰው ኩላሊቱ ጨውን ለማስወጣት ከጠጣው የበለጠ ውኃ ስለሚያወጣ ጥሙ ይብስበታል እንጂ አይረካም።

በተቅማጥ የተያዘ ሕፃን ውኃና ጨው አብረው ያልቁበታል። ውኃ ብቻ ማጠጣት አይበቃውም፤ ጨው ብቻ መስጠትም ይጎዳዋል። አንጀት ሶዲየምን በደንብ የሚስበው ስኳር አብሮት ሲኖር ነው፤ ውኃውም ሁለቱን ተከትሎ ይገባል። ኦ.አር.ኤስ. የሚባለው ዱቄት የተቀመመው በዚህ መርሕ ነው። በጤና ተቋማት የሚሰጠው ባለ 1 ሊትር ከረጢት በትክክል በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጠበጣል፤ በ24 ሰዓት ካላለቀ ይደፋል። ከረጢቱ እስኪገኝ ድረስ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ለጥ ያለ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨውና ለጥ ያለ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳር ማሟሟት ይቻላል። እዚህ ላይ "ለጥቅሙ" ብሎ ጨው ማብዛት አደገኛ ነው፤ የበዛው ጨው ከሕፃኑ ሰውነት ውኃ ይነጥቃል። የተበጠበጠው ከእንባ የበለጠ ሊጨይ አይገባውም። ሕፃኑ ከደከመ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ደም ከታየ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ግድ ነው።

ቆዳ፦ በአንድ ኪሎ ጨው የሚተርፍ ሀብት

በዓል ባለፈ ማግስት በየመንደሩ ጥግ ተጥሎ የሚሸት የበግ ቆዳ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ከታረደ እንስሳ የተገፈፈ ቆዳ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መበላሸት ይጀምራል። የሚያስፈልገው መድኃኒት ጨው ነው። ቆዳው ከደምና ከሞራ ይጸዳል፤ ሥጋ የነካው ገጹ ወደ ላይ ሆኖ ጥላ ባለበትና ተዳፋት በሆነ ወለል ላይ ይዘረጋል፤ ከዚያም ከክብደቱ 40 በመቶ ገደማ ጨው በእኩል ይነሰነስበታል። 2 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ቆዳ 800 ግራም ጨው ማለት ነው። ጨው የቆዳውን ውኃ ስቦ ይሟሟል፤ የተፈጠረው ጨዋማ ፈሳሽ ከፊሉ ወደ ቆዳው ይዘልቃል፣ ከፊሉ ደግሞ ይፈስሳል። አንገቱና ጠርዙ ከተዘነጉ መበስበሱ ከዚያ ይጀምራል።

በቆዳ ፋብሪካ ውስጥም ጨው ሁለተኛ ሥራ ይጠብቀዋል። ቆዳው ከመለፋቱ በፊት በአሲድ ይታከማል። አሲድ ብቻውን ቢሆን ቆዳውን እንደ ስፖንጅ አሳብጦ ያበላሸዋል፤ በውኃው ውስጥ ያለው ጨው ይህን እብጠት ይከለክላል። የቆዳ ዋጋ ሲወድቅ ገበሬው ለጨው የሚያወጣው ገንዘብ ከቆዳው ዋጋ ጋር አልመጣጠን ይለውና ይተወዋል። የተተወው ቆዳ ግን ለጫማና ለቦርሳ ሊሆን ይችል የነበረ ጥሬ ሀብት ነው።

ከጨው ውኃ የሚወለዱ ኬሚካሎች

ከካልሲየምና ከማግኒዥየም በጠራ የጨው ውኃ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ሦስት ነገሮች ይገኛሉ፦ ክሎሪን፣ ሃይድሮጅንና ኮስቲክ ሶዳ። ኮስቲክ ሶዳ ለሳሙና፣ ለወረቀትና ለጨርቃ ጨርቅ ያገለግላል። ክሎሪን የመጠጥ ውኃን ያክማል፤ በቤታችን ያለፈው የፕላስቲክ የውኃ ቧንቧ ፒ.ቪ.ሲ. ከሆነ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ክሎሪን ነው። ክሎሪንና ኮስቲክ ሶዳ ሲዋሐዱ በረኪና ይሆናሉ። ስለዚህ በረኪናን ከአሲድ፣ ከኮምጣጤም ሆነ ከአሞንያ ጋር መቀላቀል አይገባም፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል።

በማቅለሚያ ፋብሪካ ጥጥና ቀለም በውኃ ውስጥ ሁለቱም አሉታዊ ሙል ስላላቸው ይገፋፋሉ፤ ጨው ይህን ግፊያ ስለሚያዳክመው ቀለሙ ወደ ክሩ ይገባል። በእንፋሎት ማመንጫ ጋኖች ውስጥ ውኃው ኖራ እንዳያስቀምጥ የሚያለሰልሱት መሣሪያዎች ሲደክሙ የሚታደሱት በጨው ውኃ ታጥበው ነው። የጨው ውኃ በ0 ዲግሪ አለመርጋቱም ይጠቅማል። 23 በመቶ ገደማ ጨው ያለው ውኃ እስከ 21 ዲግሪ ከዜሮ በታች ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል፤ ስለዚህ በበረዶ ፋብሪካዎች ቅዝቃዜን ተሸክሞ ንጹሑን ውኃ ያረጋል።

የማይጠፋው ትርፍ

ጨው ሥራውን ጨርሶ ወደ ወንዝ ሲለቀቅ ችግሩ ይጀምራል። የፍሳሽ ማጣሪያ ኩሬዎች ደምን፣ ጸጉርንና ሌላውን የሚበሰብስ ቆሻሻ በባክቴሪያ ኃይል ያጠራሉ፤ ጨውን ግን ሊበሉት አይችሉም። የሟሟ ጨው በወንፊትም ሆነ በአሸዋ አይያዝም። በዚህ ውኃ የሚጠጣ መስኖ ላይ ውኃው ይተናል፣ ጨው ግን በአፈሩ ይቀራል። በመካከለኛው አዋሽ በአሚባራ አካባቢ የመስኖ መሬት በጨው ተጎድቶ ከምርት ሲወጣ ታይቷል። የዚያ መንስኤ በዋናነት የመስኖ ውኃ አጠቃቀምና የከርሰ ምድር ውኃ መውጣት ቢሆንም ትምህርቱ አንድ ነው፤ ውኃ ሲሄድ ጨው ይቀራል። በአፍዴራ ኩሬ በረከት የሆነው ሕግ በእርሻ ማሳ ላይ መርገም ይሆናል።

መፍትሔው ከምንጩ መቀነስ ነው። ቆዳ ወደ ዝፍዘፋ ከመግባቱ በፊት ያልሟሟው ደረቅ ጨው ተራግፎ ቢሰበሰብ ወደ ፍሳሹ የሚገባው ጨው ይቀንሳል። ጨዋማውን ፍሳሽ ከሌላው ለይቶ በፀሐይ ኩሬ ማትነንም ይቻላል፤ ፀሐይ ለዚህች ሀገር አላነሰችም።

የጨው ውኃ ሥራው ሁሉ በመጠኑ ላይ የተንጠለጠለ ነው። በሊትር 3 ግራም ገደማ ከስኳር ጋር ሕፃን ያድናል፣ 35 ግራም ጥም ያብሳል፣ 55 ግራም ዶሮ ያርሳል፤ ከዚያ የበረታው ደግሞ ፋብሪካ ያንቀሳቅሳል። ጨው ለራሱ ሲል ይጣፍጣል፤ መለካቱ ግን የእኛ ድርሻ ነው።